ፎርማት ከማለታችን በፊት

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ሳል የጀመርኩትን ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ይቅር በሉኝ፣ ለሚቀጥለው ይቆየን። ሰሞኑን እኔ ቤት የታመመው ልጅ ሳይሆን ላፕቶፕ ነው። «ሲስተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ የኮምፒውተር ሐኪም ሆነች?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አልሆንኩም። ነገር ግን ልሠራው ጥቂት የቀረኝ ስህተት በብዙ ቤት የሚሠራ ነውና ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም።

ላፕቶፑ የባለቤቴ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ዳባት ላይ ለብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ሥራ ያዘ፤ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከደባርቅ እስከ ወቅን ካሉ ዘመዶች ቤት እየዞረ የትውልድ ሐረግ ይጽፋል። ማን ማንን ወለደ፣ ማን ከየት መጣ፣ ማን ከማን ጋር ይዛመዳል። ማታ ማታ ደግሞ ቀን የጻፈውን ላፕቶፑ ላይ ይገለብጠዋል። እኔ አንዳንዴ «አሁን ይሄ ለማን ይጠቅማል?» እለው ነበር። «ልጅ ስትድሪ ታውቂዋለሽ» ይለኝ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲቀርብ እንደ ብዙው ሰው ወደ ጎንደር ሸሸን። ላፕቶፑን ይዘን ወጣን፤ ደብተሮቹ ቀሩ። ስንመለስ አላገኘናቸውም። ባለቤቴም ብዙ ሳይቆይ አረፈ። እንግዲህ የዚያ ሁሉ ድካም ፍሬ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ቀረ። እኔ ግን ይህን ልብ ብዬ አላሰብኩትም ነበር።

በዚህ ኅዳር ታናሹ ልጄ ሽማግሌ ልንልክለት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ልጅቷ የዳባት ናት፤ የባለቤቴም አባት ወገኑ ከዚያው ነው። እንደ ደንቡ ሰባት ቤት መቆጠር አለበት። የልጅቷ አጎት ገና ነገሩ ሲነሳ «አባታቸው ጽፎት የለም እንዴ? እሱን አምጡና ከእኛ ጋር እናስተያየው» አሉ። ደስ ብሎኝ ላፕቶፑን ከሳጥን አውጥቼ ለልጅ ልጄ ሰጠኋት። ሲከፈት ሰማያዊ ይሆናል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ራሱ ይነሳል፣ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል።

ወደ አንድ ጠጋኝ ይዘነው ሄድን። ልጁ ትሑት ነው፤ አየውና «ሲስተር፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል። ፎርማት አድርጌ አዲስ እጭንልዎታለሁ፣ ለነገ ይደርሳል። ሲዲው አለዎት?» አለኝ። የምን ሲዲ? ላፕቶፑ ሲገዛ ምንም ሲዲ አልመጣም። «ችግር የለም፣ እኔ ጋ አለ» ብሎ ፍላሹን አሳየኝ። እሺ ልል አፌን ከፍቻለሁ። የልጅ ልጄ ናት ያዳነችኝ። «እማማ፣ የአባባ ጽሑፍስ?» አለች። ልጁም ሳይደብቅ «እሱማ ይጠፋል» አለ። ላፕቶፑን አቅፌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ በጣም ቀላል የሆነ ግን ብዙዎቻችን የማንለየውን ነገር ልለይላችሁ። ዊንዶውስ ማለት ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ዋናው ፕሮግራም ነው። የእኛ ፎቶ፣ የእኛ ጽሑፍ፣ የልጆቻችን ማስረጃ ሌላ ነው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ሆኖም አንዱ ተበላሸ ማለት ሌላው ጠፋ ማለት አይደለም። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ሁሉ ሞቷል አንልም። ፎርማት ማድረግ ግን ዲስኩን እንዳለ መጥረግ ነው፤ የታመመውንም ጤነኛውንም አብሮ ያወጣል።

እኔ ይህን ከዚህ በፊት በደንብ ተምሬው ነበር፣ ረስቼው እንጂ። በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት መረጃ የተቀመጠበት ኮምፒውተር አልከፈት ሲል ለጥገና ላክነው። ንጹሕ ሆኖ፣ ፈጣን ሆኖ ተመለሰ፤ ውስጡ ባዶ። የሰባት ወር ሥራ ነበር። የወረቀት መዝገቡ ባይኖር ኖሮ የትኛው ሕፃን ኩፍኝ እንደተከተበ፣ የትኛው እንደቀረው ማወቅ አንችልም ነበር። ከመዝገቡ ላይ ስንገለብጥ ሳምንታት ፈጀብን። ያን ጊዜ ጠጋኙን ወቀስነው። አሁን ሳስበው ግን ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀም የነገረም አልነበረም፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነው።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። ጎረቤቴ ኮምፒውተር ያጠና ልጅ አላት፤ እኔው ነኝ ያዋለድኩት። ማታ አስጠራሁት። መጥቶ ላፕቶፑን ከመንካቱ በፊት ይጠይቀኝ ጀመር። «እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? ወድቆ ያውቃል? ሲበራ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው? ከዚህ በፊት ማን ነካው? ውስጡ ምን አለ? ሌላ ቦታ ቅጂ አላችሁ?» ደስ አለኝ። እኛም ተማሪ ሳለን መጀመሪያ የተማርነው ይህንኑ ነው፤ ታሪክ ሳትጠይቅ መርፌ አትምዘዝ። የድምፁን ነገር የጠየቀው ለምን እንደሆነም አስረዳኝ። ሃርድ ዲስኩ የሚንኳኳ ድምፅ ካለው የታመመው ዊንዶውሱ ሳይሆን ዲስኩ ራሱ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ደጋግሞ ማብራት ይጎዳዋል፤ አጥፍቶ ለሚያውቅ ሰው መስጠት ነው። የእኛው ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። በፍላሹ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ የሚባል ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። በነፃ የሚሰጥ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የዚህ ፍላሽ ጥቅሙ ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭን ኮምፒውተሩን ከራሱ ማስነሳት መቻሉ ነው። ላፕቶፑ ሲበራ ከየት ልነሳ ብሎ የሚጠይቅበት ቁልፍ አለ፤ በብዙዎቹ ላይ ኤፍ 12፣ በአንዳንዶቹ ኤፍ 9 ወይም ሌላ ነው። ፍላሹን መረጠ፤ ቀጥሎ «ጫን» እና «ሞክር» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች መጡ። «እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው፤ ጫን የሚለው ሊጠርገው ይችላል፣ ሞክር የሚለው አይነካውም» አለና ሞክር የሚለውን ተጫነ። ትንሽ ቆይቶ የባለቤቴ ፎልደሮች በተርታ ወጡ። ፎቶው፣ የተማሪዎቹ ፈተና፣ «ሐረግ» የሚለውም አለ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ልጁ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ሁሉንም ሁለት ቦታ ገለበጠው፤ አንዱን አዲስ በገዛነው ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ጎንደር ያለችው ልጄ ይዛው በምትሄደው ዲስክ ላይ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ነገረኝ። በአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ የሚቆለፍበት አሠራር አለ። ይህ ከበራ ያለ ባለ 48 አሃዙ መክፈቻ ቁጥር ፋይሉን ከውጭ ማየት አይቻልም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲከፈት በተመዘገበው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ያ ኢሜይልና የይለፍ ቃሉ በቤታችሁ በወረቀት ይጻፍ። የባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ የይለፍ ቃል ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ደስታችን ግን ወዲያው ተቋረጠ። «ሐረግ» የሚለውን በልጅ ልጄ ስልክ ስንከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፤ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ነው። ጠፋ ብዬ ቁጭ አልኩ። ልጁ ሳቀ። «አልጠፋም እትዬ፤ ጋሼ የጻፉት በድሮው ፎንት ነው» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ቢሮዎቻችንና ትምህርት ቤቶቻችን እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ፎንት እየተጠቀሙ ይጽፉ ነበር። እነዚያ የቆዩ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በፈረንጁ ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡታል። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ልጁ ተመልሶ ከዊንዶውሱ ውስጥ ፎንት የሚቀመጥበትን ፎልደር እንዳለ ገለበጠው። ዊንዶውስ ሲቀየር ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ፋይሉ ተርፎ ፎንቱ ከጠፋ መጽሐፉ ተርፎ መነጽሩ እንደተሰበረ ነው። በዕድሜ የገፋችሁና በድሮው የጻፋችሁ ሁሉ ልብ በሉ።

ይህ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ዊንዶውሱ የመጣነው። ሲዲ የለንም፤ ታዲያ ከየት ይመጣል? ሦስት መንገድ እንዳለ አስረዳኝ።

አንደኛው ራሱ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ሲዲ ሳይኖራቸው የሚሸጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹ መመለሻቸውን በሃርድ ዲስኩ ላይ በተከለለ ቦታ ይዘው ይመጣሉ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳት ሲያቅተው የጥገና ገጽ ራሱ ያመጣል፤ እዚያ ውስጥ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ የሚመልስ ምርጫ አለ። ሲመረጥ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ወይም «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ይላል። የመጀመሪያው ፋይላችሁን ትቶ የጫናችኋቸውን ፕሮግራሞች ብቻ ያወጣል፤ ሁለተኛው ሁሉንም ያጠፋል። እንግሊዝኛው የማይገባው ሰው ብቻውን አይጫነው። ከፋብሪካ የመጣው መመለሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁሉን ጠርጎ እንደ ተገዛ ቀን ያደርገዋል፤ ቅጂ ሳይያዝ አይሞከርም። የእኛው ላፕቶፕ ይህ የተከለለ ቦታ አልነበረውም። ከዓመታት በፊት ባለቤቴ ያሠራበት ሰው አጥፍቶታል።

ሁለተኛው መንገድ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነፃ ማውረድ ነው። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የልጆች ፎቶ ያለበትን እንዳትሰጡ። ለማውረድ ሌላ ጤነኛ ኮምፒውተርና በርካታ ጊጋባይት የሚያወርድ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለእኛ አካባቢ ከባዱ ይህ ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ የማያስታውስ የለም። ልጁ ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ አዘጋጅቶ በመሳቢያ የሚያስቀምጠው ፍላሽ አለው። የድንገተኛ መድኃኒት የሚቀመጠው በሽተኛው ከመምጣቱ በፊት ነው።

«ፈቃዱስ? ሲዲው ላይ ያለው ቁጥርስ?» አልኩት። ድሮ በዊንዶውስ 7 ዘመን 25 ፊደልና ቁጥር ያለው ወረቀት ከላፕቶፑ ሥር ይለጠፍ ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚሸጡ ላፕቶፖች ቁጥሩን በማዘርቦርዳቸው ውስጥ ይዘውት ይመጣሉ። ተመሳሳዩን ዓይነት ዊንዶውስ መልሳችሁ ስትጭኑ ራሱ አንብቦ ያውቀዋል፤ ወይም ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ያረጋግጣል። ሲገዙ ጀምሮ ዊንዶውስ የሌላቸውም አሉና ስትገዙ ጠይቁ። የእኛው በ2010 ዓ.ም. ሲገዛ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ሆም ነበረው። የቀድሞው ጠጋኝ ግን በክራክ የተከፈተ ሌላ ዓይነት ጭኖበት ኖሯል። ገንዘባችንን ከፍለን የገዛነውን አውጥቶ የተሰረቀ አስገባልን ማለት ነው፤ ያውም አስከፍሎ።

ክራክ የምትለውን ነገር በእኛ ሙያ ላስረዳችሁ። ማሸጊያው የተቀደደ፣ ማን እንደነካው የማይታወቅ መድኃኒት ነው። ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን የሚጫነው የቫይረስ መከላከያውን አጥፍቶ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ልጃችሁ የባንክ አካውንቷን ትከፍታለች።

ሦስተኛው መንገድ ዊንዶውስን ትቶ እንደ ኡቡንቱ ያለውን ነፃ ሲስተም መጫን ነው። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ለልጆች ጥናት ይበቃል፤ አማርኛም ይጻፍበታል። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ላሉት ሰው ግን አይመችም።

እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ፍላሹ ሥራውን በአንድ ሰዓት ገደማ ጨረሰ። ዋይፋዩ መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ልጁ ስልኩን በኬብል አገናኝቶ ከስልኩ ኢንተርኔት ሰጠው፣ የጎደለውን ፈልጎ አወረደና ተስተካከለ። ፈቃዱንም ማንም ቁጥር ሳይጽፍለት ራሱ አረጋገጠ። ፎንቶቹን መልሶ ሲያስገባ የባለቤቴ አማርኛ ፊደል በፊደል ተነበበ። አንድ ነገር ግን ሳይደብቅ ነገረኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለተመዘገበ ሰው ለአንድ ዓመት ይራዘማል። ላፕቶፑ ለዊንዶውስ 11 ያረጀ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ወደ ኡቡንቱ ይሄዳል ማለት ነው። ይሁን፤ ጽሑፉ አሁን ሦስት ቦታ አለ።

ዳባት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚያ የጥናት ማዕከል አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያለ ቤት ለቤት ይመዘግባል። በሥራ ዘመኔ የዚህን መረጃ ክብር አይቻለሁ። ኮምፒውተር አርጅቶ ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል። የዚያን ዓመት ሞትና ልደት ግን ማንም ዞሮ ሊቆጥረው አይችልም። የቤታችንም ነገር እንደዚያው ነው። ዊንዶውስ ከብዙ ቦታ ይገኛል፤ ሲዲ ባይኖር ፍላሽ፣ ፍላሽ ባይኖር ጎረቤት አለ። ባለቤቴ የሰበሰባቸው ስሞች ግን ከነገሩት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ አልፈዋል።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። ኮምፒውተር ለጥገና ስትሰጡ «ውስጡ የምፈልገው አለ፤ መጀመሪያ ገልብጥልኝ» በሉ። የተገለበጠውን ከፍታችሁ በዓይናችሁ ካላያችሁ ፎርማት አታስደርጉ። ቅጂው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ሌላ ከተማ ባለ ልጅ ወይም ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ይህን እኛ ከሽሽት የተማርን ሰዎች በደንብ እናውቀዋለን። «ሕጋዊውን መልስልኝ፣ ክራክ አልፈልግም» ማለትንም አትፈሩ።

የሐረጉን መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልለያችሁም። ጽሑፉን ስናነበው በባለቤቴ አባት በኩል እስከ ሰባት ሙሉ ነው። በእናቱ በኩል ግን አምስት ላይ ይቆማል፤ ከሥሩ «እቴቴን ጠይቅ» ብሎ ጽፏል። እቴቴ የምንላቸው የባለቤቴ አክስት ዳባት አሉ፤ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ነው። በማግስቱ ከልጅ ልጄ ጋር ተሳፍረን ሄድን። አልጋ ላይ ሆነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድም ሳይሳሳቱ ቆጠሩልን። የልጅ ልጄ ጻፈች፤ ድምፃቸውንም በስልኳ ቀዳች። የልጅቷ ወገኖችም የእነሱን ይዘው መጡ። ተቆጠረ፣ አልተገናኘም። ሠርጉ ለጥር ነው።

የእቴቴን ድምፅ ያን ቀን ማታውኑ ሁለት ቦታ ገለበጥነው። የሕፃናቱን ሳል በሚቀጥለው ሳምንት እመለስበታለሁ። እስከዚያው ብርዱ በርትቷልና ልጆቹን አልብሷቸው፤ ደህና ሰንብቱ።